እግዜር ይማርልህ

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ይዤ፣ ለሲኦሲ፣ ለሙያ ብቃት ምዘናው፣ ዶክመንት ፈልጋ ነው፣ እዚሁ ባህር ዳር ወዳለው ኮሌጇ ሄድን። ኮሌጁ የለም። ማለቴ ባነሩ አለ፣ "ምዝገባ ጀምረናል" ይላል፣ ኮሌጁ ነው የሌለው። ዘበኛው "ቀይረዋል" አለን። ወዴት ስንለው በአገጩ ወደ ጣና ጠቆመን። በዛ በኩል እንግዲህ እኔ የማውቀው እምቦጭ ነው።

እኔ ግን እነዚህን የግል ኮሌጆች አላማቸውም። ጽናታቸው ይገርመኛል እንጂ! በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ፣ የዲግሪ ተማሪ በፋኖስ ተፈልጎ ታጣ። በ2015 የመውጫ ፈተና መጣ፣ መግቢያው ጠቦ ሳለ መውጫውም ጠበበ። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ሱቁን ይዘጋ ነበር። እነሱ ግን ፎቁን ለቀው ቡቲክ በላይ ገቡ፣ ከቡቲኩ ስጋ ቤት ጀርባ ገቡ፣ ክፍሉ ባነሰ ቁጥር ባነሩ እየሰፋ ሄዶ መጨረሻ ላይ መስኮቱን ሁሉ ሸፈነው። ባነሩ ላይ ያለችው ፈረንጅ ዶክተርም አብራ ትዞራለች። ከመምህራኑ ያልለቀቀችው እሷ ብቻ ነች፣ ደሞዝ ስለማትጠይቅ ይሆናል።

ኢንስፔክሽን ሲመጣ ደግሞ ፍቅራቸው! አንድ ቀን ከጊዮርጊስ ወደ ቀበሌ 14 በባጃጅ ስሄድ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ በጋቢ የተጠቀለለ ሰው ታቅፎ ገባ፣ እግሩ በጎን ወጥቷል። አጠገቤ ያሉት እናት አማተቡና "እግዜር ይማርልህ የኔ ልጅ፣ ምን ነክቶት ነው?" አሉት።

"ተቆጣጣሪ መጥቶበት ነው" አለ።

ጋቢው ሸርተት ሲል ፊቱ ፕላስቲክ። የነርሲንግ መለማመጃ አሻንጉሊት ነው ለካ፣ ጠዋት አንዱ ኮሌጅ ተቆጥሮ ከሰዓት ሌላው ጋ ሊቆጠር በውሰት እየሄደ ነው። ባለባጃጁ "የሁለት ሰው ትከፍላለህ" አለ። "ይሄ እኮ ሰው አይደለም።" "ቦታ ይዟል።" "በነፍስ ነው እንዴ የምታስከፍለው በቦታ?" ክርክሩ ፓፒረስ ሆቴልን አልፎም አላለቀ፣ እኛም ወርደን መሄድ ሲገባን ማን እንደሚያሸንፍ ለማየት ቁጭ ብለናል። መጨረሻ ላይ እናትየው፣ ፊቱን አላዩትም መሰለኝ፣ "ተዉት፣ ለበሽተኛው እኔ ልክፈልለት" ብለው ከመቀነታቸው ብር ፈቱ። ሰውዬው ተቀበለ። አሜንም አለ።

የእህቴ ልጅ ያንን አሻንጉሊት በሦስት ዓመት አንድ ቀን ነው ያየችው። ያውም "እንዳትነኩት፣ የሰው ነው" ተብለው።

እህቴ እኮ ያንን ክፍያ የከፈለችው ጉልት ሽንኩርት እየቸረቸረች ነው። አንድ ወር ስታዘገይ ልጅቷን ከፈተና አስወጥተዋታል። ዕውቅና እንደሌላቸው እያወቁ፣ ብሩን እየቆጠሩ፣ ደረሰኝ ማህተም እያደረጉ! ይሄ ኪሳራ ነው አትበሉኝ፣ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። ትናንት ለልጅቷ ደወሉላት፣ ደስ አላት ምስኪን፣ ዶክመንቱ የተገኘ መስሏት። የድሮ ተማሪያችን ስለሆንሽ ለአዲሱ ዲፓርትመንት ቅናሽ አለሽ ነው የሚሉት። "የት ነው ያላችሁ?" አለቻቸው።

"አንቺ መጀመሪያ ክፈዪ፣ ሎኬሽኑን በቴሌግራም እንልክልሻለን።"