እርማት፦ «2001» የኮምፒውተር ሥራ አይደለም

ወንድሜ፣ ቅዳሜ ማታ ባሕር ዳር ጣና ዳር ቁጭ ብለን «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» የተባለውን የጠፈር ፊልም «ኮምፒውተር የሠራው ነው፣ ምን ጥበብ አለው?» ብለህ አጣጣልከው። ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። ግን አይደለም።

ፊልሙ የወጣው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ እንዲህ ያለ ምስል በኮምፒውተር መሥራት አይታሰብም ነበር። መንኮራኩሮቹ በእጅ የተሠሩ ሞዴሎች ናቸው። አየር ላይ የሚንሳፈፈው እስክሪብቶስ? መስታወት ላይ ተለጥፎ ነው፤ መስታወቱን ቀስ አድርገው ያዞሩታል። አስተናጋጇ ስትወስደው ልብ ብለህ እይ፣ ከመስታወቱ ላይ ነቅላ ነው የምታነሳው። ጠፈርተኛው ዙሪያውን የሚሮጥበት ክፍልም እውነተኛ ነው። 30 ቶን ገደማ የሚመዝን ግዙፍ መሽከርከሪያ አሠርተው፣ ተዋናዩ ታች ላይ ሲሮጥ ክፍሉ በሙሉ ይዞራል። የኮምፒውተሮቹ ስክሪን ራሱ ከኋላ በፕሮጀክተር የተለቀቀ ፊልም ነው! ይቺ ሁሌም ታስቀኛለች።

ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ በሕይወቱ ያገኛት ብቸኛ ኦስካርም ለዚሁ የምስል ጥበብ የተሰጠች ናት።

ቀርፋፋ ነው ካልከኝ አልከራከርህም። እንደ ጣና ታንኳ ነው የሚሄደው፤ እኔ እሱንም ወድጄለታለሁ። ብቻ ሙዚቃውንም ኮምፒውተር ደረሰው እንዳትለኝ፤ ፊልሙ ላይ የምትሰማው ዋልስ (የዳንስ ሙዚቃ) የኦስትሪያዊው አቀናባሪ የዮሐን ሽትራውስ ነው፣ የ1866 እ.ኤ.አ.።