የልጅ ልብ ሲዘገይ ቀድሞ መታየት ያለበት ትንፋሹ ነው

ስለ ልጆች ማደንዘዣ ያነበብኩት ጽሑፍ፣ ልጆች በሙሉ ማደንዘዣ ሥር ሆነው የልብ ምታቸው ሲቀንስ አትሮፒን (ምቱን የሚያፈጥን መድኃኒት) ይሰጣል ይላል። ልክ ነው፤ ግን ዋናው ነገር የተዘለለ መሰለኝ። የሕፃን ልብ በአንድ ምት የሚረጨውን ደም እንደ አዋቂ ልብ ብዙም መጨመር አይችልም። ምቱ ከወረደ ወደ ሰውነት የሚሄደው ደምም አብሮ ይወርዳል። አዲስ የተወለደ ልጅ በደቂቃ 140 ቢመታ ደህና ነው። 80 ሲሆን ነው የምንደነግጠው። (ለአባቱ ቢሆን ግሩም ቁጥር ነበር!)

ታዲያ ምቱ ብዙ ጊዜ የሚወርደው በልብ በሽታ ሳይሆን ኦክስጅን አንሶት ነው። የመተንፈሻ ቱቦው ከቦታው ተንሸራቶ ወይም ጉሮሮው ተኮማትሮ ሊሆን ይችላል። መርፌ ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ይህን አይቶ፣ መቶ በመቶ ኦክስጅን ሰጥቶ ማስተንፈስ ይቀድማል። አየር ሳይገባ አትሮፒን ብቻውን ምን ይሠራል? ይህ ተደርጎም ምቱ ከ60 በታች ከሆነና የደም ዝውውሩ ከደከመ ግን ወሬ የለም፤ ደረት መጫን ይጀመራል።

ሃሎቴንም (በትንፋሽ የሚሳብ ማደንዘዣ) በጽሑፉ መጠቀስ ነበረበት። ርካሽ ነው፣ ሽታውም ልጅ አያስቸግርም። ነገር ግን የልብ ጡንቻን ያደክማል፣ ምቱንም ይቀንሳል። ሌላው በትንፋሽ የሚሳብ ማደንዘዣ፣ ሴቮፍሉሬን፣ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ዋጋው ነው እንጂ። ሃሎቴን ብቻ ባለበት ቦታ መጠኑን ቀስ እያሉ መጨመር፣ ምቱ ሲወርድ ደግሞ ቶሎ መቀነስ ነው።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲያለቅስ ከንፈሩ የሚጠቁር ወይም ጡት ሲጠባ ቶሎ የሚደክመውና የሚያልበው ከሆነ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሩት።