ለባለራዕዩ ዳይሬክተር ምስጋና ይድረስ

ቅዳሜ ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ የድሮ አስፈሪ ፊልም (ስሙ ይቆየን) «በአዲስ ራዕይ» ተሠርቶ አየን። አንድ ሰዓት ሲሞላ ልጁ ዞር ብሎ «አጎቴ፣ ማስፈራት የሚጀምረው መቼ ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? ገና ራዕዩ ላይ ነበርን።

መቼም እነዚህ ባለራዕዮች ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር! የድሮዎቹ እኮ ምስኪኖች ናቸው። ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተር በፈረንጆቹ 1978 «ሃሎዊን» የተባለውን አስፈሪ ፊልም ሲሠራ በእጁ የነበረው 300 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የገዳዩ ጭምብል ከሱቅ የተገዛ፣ «ስታር ትሬክ» የተባለው የጠፈር ተከታታይ ፊልም ካፒቴን ፊት ነው፤ ነጭ ቀለም ቀቡት፣ አለቀ። ሙዚቃውንም ዳይሬክተሩ ራሱ ሠራው። ድህነት!

ይባስ ብሎ ገዳዩ ለምን እንደሚገድል እንኳ አልነገሩንም። በ6 ዓመቱ እህቱን ገደለ፣ በቃ። አድጎ ይመጣና ግቢ ውስጥ ከተሰጣ ልብስ መሀል ቆሞ ሽቅብ ያያል። ደግመን ስናይ የለም።

የቅዳሜው ባለራዕይ እንዲህ ያለ ክፍተት አይወድም። የሱን ገዳይ በልጅነቱ እንጀራ አባቱ ሰድቦታል። የክፍል ጓደኞቹ ቦርሳውን ሽንት ቤት ከተውበታል። ድመቱ ሞታበታለች፤ ሲቀብራት ዝናብ ይዘንባል፣ ፒያኖ ይንቆረቆራል። ሂሳብ ወድቋል። ጭምብል ያጠለቀው ብጉሩን አፍሮ ነው። ቢላውስ? የአያቱ ማስታወሻ! አያቱ ሽንኩርት ሲከትፉ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አብሮ ያለቅስ ነበር። ሽንኩርቱ ብቻውን ስድስት ደቂቃ ወስዷል። ቀዩ ሽንኩርት ነው፤ ቀይ የሆነበትም ምክንያት አለው፤ ተብራርቶልናል።

እውነቱን ልናገር፣ ተናድጃለሁ። ያ የድሮው ገዳይ የሚያስፈራው እኮ ምክንያት ስለሌለው ነው! አያቴ ምድጃ ዳር የጅብ ተረት ስትነግረን የጅቡን አስተዳደግ አልተረከችልንም። ከደጅ ኮሽ ሲል ሽንታችንን ይዘን እናድር ነበር። የራሳችሁ ራዕይ ካላችሁ የራሳችሁን ፊልም ሥሩ! የሰው ጭምብል አጥልቃችሁ፣ በሰው ስም ቲኬት እየሸጣችሁ ምን ራዕይ ራዕይ ያሰኛችኋል?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

በስተመጨረሻ ገዳዩ ያንን የአያቱን ቢላ አነሳ። የእህቴን ልጅ ዞር ብዬ ባየው እንቅልፍ ወስዶታል። ጋቢ ደረብኩለት። መብራቱን አጥፍቼ፣ በሩን እንኳ በቅጡ ሳልቀረቅር ገብቼ ተኛሁ።