አሞክሳሲሊን ካርቶን ላይ የተፃፈ እንግሊዝኛ

ኧረ በናታችሁ ዛሬ ይሄን ሳልተነፍሰው አልተኛም። ሶስት ወር ሙሉ የእንግሊዝኛ ቃል ስሸመድድ ከርሜ፣ ትላንት ማታ የፃፍኳትን ኢሰይ ውጪ ላለ የክፍሌ ልጅ ልኬለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ይሄን የፃፍሽው አንቺ ነሽ ወይስ መዝገበ ቃላቱ?" አለኝ። ሳቀ ደግሞ። ቮይስ ልኮ ነው የሳቀው።

ስራዬ ፋርማሲ ነው፣ እዚሁ ጎንደር ማራኪ አካባቢ። ለማስተርስ ስኮላርሺፕ አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ነው) 6.5 አምጪ ተባልኩ፣ ቁጭ ብሎ ማጥኛ ሰአት ደሞ የለኝም፣ ስለዚ ምን አረግኩ፣ ባዶ የአሞክሳሲሊን ካርቶን በመቀስ እየቆረጥኩ ጀርባው ላይ አንድ አንድ ቃል ፅፌ ጋውኔ ኪስ ውስጥ እከታለሁ፣ ሰው ሲቀንስ አውጥቼ ማነብነብ ነው። ባለፈው አንዲት እናት ከአዘዞ መጥተው መድሃኒታቸውን ይዘው ሄዱ፣ ከሰአት ሲሆን ተመልሰው መጡ። ከፌስታሉ ካርድ አወጡና "ልጄ፣ ይቺኛዋን አልነገርሽኝም፣ ከምግብ በፊት ናት በኋላ?" አሉኝ። ሳያት ኖትዊዝስታንዲንግ ናት። እማማ፣ እኔም በፊትም በኋላም ሞክሬያት አልዋጥ ብላኛለች ልላቸው ነበር።

እንግዲህ ለማታውቁት፣ አካዳሚክ ወርድ ሊስት ሚባል ነገር አለ። አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው ነው። 3.5 ሚሊዮን ቃል የሚሆን የዩኒቨርሲቲ ፅሁፍ አስገብታ በየትምህርቱ የሚደጋገሙትን ለቀመችና 570 የቃል ቤተሰብ አገኘች፣ እነሱ ብቻ ከአካዳሚክ ፅሁፍ 10 በመቶ ገደማ ይሸፍናሉ። 570 ሲባል ቀላል ይመስላል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር። ቤተሰብ ነው እኮ ያልኳችሁ! አናላይዝን በር ከፍታችሁ ስታስገቡ አናሊስት፣ አናሊቲካል፣ አናሊሲስ እንደ ሰርግ እንግዳ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ይገባል፣ ስትናገሩ ጫን የሚባለውም ክፍለ ቃል ከአንዱ ዘመድ ወደ ሌላው ይቀያየራል፣ ስፒኪንግ ላይ እሱን ስታስቡ ሀሳባችሁ ይጠፋል። (ፕሮሰስም ዝርዝሩ ውስጥ አለች። እሷን ማጥናት አላስፈለገኝም፣ ጎንደር ውስጥ ግማሹ ሰው ፕሮሰስ ላይ ነው።)

የሚያናድደኝ ግን ይሄ አይደለም። የሚያናድደኝ እኛ እኮ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምረናል ተብለን ነው የምንኖረው። ኖቱ ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ይፃፋል፣ እንገለብጣለን፣ ገለፃው በአማርኛ። ፎቶሲንተሲስን ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እነግራችኋለሁ፣ ማይቶኮንድሪያ የቤት ልጅ ናት። ግን በመሀል ያሉት አያያዥ ቃላት፣ ኦልቢኢት፣ ዌርባይ፣ ነንዘለስ ምናምን እነሱን መምህሩ "እንግዲህ ይሄ ማለት" ብሎ በአማርኛ ዘሏቸው ያልፍ ነበር። ኮክስሄድ ዝርዝሩን ስትሰራ ደሞ እ.ኤ.አ. በ1953 ዌስት የሚባል ሰው ያወጣቸውን 2000 የተለመዱ ቃላት ሳታስገባ፣ የአንድ ሙያ ብቻ የሆኑትንም ትታ ነው። ልክ እኛ የዘለልነው ቦታ ላይ ቆማለች በቃ።

እሺ ልሸምድድ አልኩ። ሲግኒፊካንት ምንድነው? መዝገበ ቃላቱ "ከፍተኛ"። ሰብስታንሻልስ? "ከፍተኛ"። ኮንሲደረብል? ወይ ጉድ፣ እሱም "ከፍተኛ"። ሶስት ካርቶን አባከንኩ። ሪዲንጉ ደግሞ 60 ደቂቃ፣ 3 ረጅም ፅሁፍ፣ 40 ጥያቄ ነው፣ ፅሁፉ ውስጥ አንዱን ቃል ያደርግና ጥያቄው ላይ ወንድሙን ያመጣዋል፣ እኔ የሸመደድኩትን ቃል በአይኔ ስፈልግ ሰአቱ ያልቃል።

ከዛ ብሽቀት ይዞኝ አንድ ቻናል ላይ "የባንድ 9 ቃላት" የሚል ፒዲኤፍ በብሬ ገዛሁ (ባንድ 9 የፈተናው የመጨረሻ ከፍተኛ ውጤት ነው)። ፕሌተራ። ማይርያድ። ኢሰዬ ውስጥ እንደ በርበሬ ነሰነስኳቸው፣ ልጁ የሳቀው በሱ ነው። ቀልዱን ሲጨርስ ግን አንድ እውነት ነገረኝ፣ ሜክ ሪሰርች ብዬ ፅፌያለሁ። ለካ ሪሰርች ኮንዳክት ነው የሚደረገው፣ ኮንክሉዥን ደሞ ድሮው (draw) ነው የሚደረገው። ለምን አልኩት፣ "ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ ለምን ብሎ ፈረንጅ ቢጠይቅሽ ምን ትያለሽ?" አለኝ። ዝም አልኩ። ፈረንጅ ቡና ቀቀልኩ ቢለኝ እኔም እስቃለሁ እኮ። ካርዶቼ ላይ ግን የፃፍኩት ቃሉን ብቻ ነው፣ ከማን ጋር እንደሚውል አልፃፍኩም። ሶስት ወር!

ዛሬ እሁድ እናቴ ቤት ቡና ላይ ይሄን ሳለቃቅስ አጎቴ ሰሙኝ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ። ካርዱን አገላብጠው አዩና "ይሄማ ግስ ማውረድ ነው፣ እኛም አርእስቱን ከነሠራዊቱ ነበር የምናወርደው" አሉ፣ የቃል ቤተሰቡን ማለታቸው ነው፣ ደስ አለኝ። ቀጠሉና "ቀን ቀን ጥግ ይዘን ቅኔ እንቆጥራለን፣ እያሰብን እንገጥማለን ማለት ነው፣ ጀማሪ ከሆንክ ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ናት፣ ማታ የኔታ ፊት ቀርበን እንነግራለን። ቃሉ ያለቦታው ከገባ የኔታ እዛው ይመልሱታል። አንቺ ማታ ማታ ለማን ነው የምትነግሪው?"

ለማን ልበል? ለመደርደሪያው? ፋርማሲ ያለችው ልጅ እንደኔው ናት፣ እህቴ ካርዱን ይዛ ትጠይቀኛለች ግን ትርጉሙን ብቻ ነው የምታየው፣ ያረመኝ እሱ ውጪ ያለው ልጅ ነው፣ እሱም ስራ ገብቷል፣ ሰአታችን አይገጥምም። ቃል የሚሸጥልኝ ሞልቷል፣ "ይሄ እዚህ ጋ አይቀመጥም" የሚለኝ አንድ ሰው አጣሁ። ራይቲንጉ ላይ አንዱ ኢሰይ ቢያንስ 250 ቃል ነው፣ ከአራቱ የማርክ መስፈርት አንዱ የቃላት አጠቃቀም ነው፣ እና ውጤቱ የሚያገለግለው 2 አመት ብቻ ስለሆነ ተኝቼበት ልቆይም አልችልም።

ስለዚ ፒያሳ አካባቢ ያላችሁ፣ እንግሊዝኛችሁ ደህና የሆነ፣ በሳምንት አንድ ኢሰይ አይታችሁ ሳትስቁ የምታርሙልኝ ካላችሁ ኢንቦክስ። ብር የለኝም፣ ማኪያቶ በኔ። ካርዶቹንም ይዤ እመጣለሁ፣ አሁን ጠላ ይጠመቃል ጠጅ ይጣላል እያልኩ እንደ አዲስ እየፃፍኳቸው ነው። ኖትዊዝስታንዲንግን ብቻ እንዳትጠይቁኝ፣ እማማ "እንግዲያው ለልጅ ልጄ ይሁነው፣ እንግሊዝኛ ይማራል" ብለው ይዘዋት ሄደዋል፣ አዘዞ ናት።