እርማት፦ ኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ለመጀመር ውድ ኮምፒውተር አያስፈልግም

«ውድ ኮምፒውተር የሌለው የገጠር ልጅ ኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ቢማር ትርፉ ድካም ነው» የሚለው ሐሳብ እዚህ ባሕር ዳር ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ስለሆነ፣ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። ኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ማለት የሳይንስ ጥያቄዎችን በኮምፒውተር ስሌት መመርመር ነው። እንደ ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ሞዴል ያሉ፣ ሱፐር ኮምፒውተር የሚጠይቁ ሥራዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ኮርስና ጥናት ግን በአብዛኛው በተራ ላፕቶፕ ይሠራል።

ለምሳሌ የጣና ሐይቅን የወረረውን እምቦጭ የተባለውን አረም እንውሰድ። ሴንቲኔል 2 የተባሉት ሳተላይቶች በነጻ ከሚሰጡት ምስል አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ትሸፍናለች፤ ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጣና በሙሉ 30 ሚሊዮን ያህል ነጥብ፣ በአንድ የብርሃን ዓይነት ደግሞ ወደ 60 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። አረንጓዴ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥና ለዓይን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ አጉልቶ ስለሚመልስ፣ ሁለቱን ማነጻጸር አረሙን ከውሃው ለመለየት ይረዳል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በነጻ ጭኖ፣ ናምፓይ በተባለው የፓይተን የስሌት መሣሪያ 30 ሚሊዮን ቁጥሮች ፈጥሮ አማካያቸውን ያስላ፤ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ማሽን ቢበዛ ጥቂት ሰከንዶች ቢወስድ ነው።

ይህ ስሕተት አጥብቆ የሚያሳስበኝ፣ ከፎገራና ከደምቢያ የሚመጡ ተማሪዎችን፣ በተለይም ሴቶቹን፣ ገና ሳይሞክሩት ከምዝገባው ሊያስቀራቸው ስለሚችል ነው፤ እምቦጩ የታንኳውን መንገድ ሲዘጋ በዓይናቸው እያዩ ያደጉት እነሱ ናቸው።