ራስ ዳሽን ስንት ማርክ ይይዛል?

የእህቴ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ሶሻል። ማትሪክ ሊቀመጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እህቴን ልጠይቅ ብሄድ ግቢው ውስጥ እየተንጎራደደ ሲያጠና አገኘሁት። አንድ እጁ ጆሮው ላይ ነው፤ በሌላው ስልኩን ይዟል፤ ስልኩ ላይ ከቴሌግራም የወረደ የጂኦግራፊ ሾርት ኖት። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ግቢያቸው ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከላይ ሰፈር የሚወርደው ጎርፍ በአጥሩ ሥር ገብቶ መሃሉን ሰንጥቆታል። አምና ሕፃን የሚሻገረው ቦይ ዘንድሮ የጽዱን ሥር አራቁቶ ደህና ቦረቦር ወጥቶታል። ልጁ «ጋሊ ኢሮዥን ኢዝ…» (ጎርፍ መሬቱን ሸርሽሮ ቦረቦር ሲያወጣበት ማለት ነው) እያለ ይመጣና አፋፉ ላይ ሲደርስ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣ ዘለል! ከማዶ ይዞርና «ጋሊ ኢሮዥን ኢዝ…» ዘለል! አሥር ጊዜ ያህል ቆጠርኩለት። አንዴም አልወደቀም፤ አንዴም አላየውም።

እንዲህ ነው እንጂ ጥናት!

ጂኦግራፊን ከመሬት ጋር ሳያነካኩ መማር ቀላል ጥበብ አይደለም። እንግሊዝ አገር ለኤ ሌቭል ጂኦግራፊ የሚቀመጥ ምስኪን ተማሪ ቢያንስ አራት ቀን ሜዳ ወጥቶ እንዲሠራ ይገደዳል። ቦት ጫማ አጥልቆ፣ ወንዝ ውስጥ ገብቶ፣ ሜትር ዘርግቶ፣ ጉንፋን ይዞት ይመለሳል። እኛ ዘንድ ተማሪ እንዲህ አይንገላታም። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ጀርባ ወንዝ ያልፍ ነበር። ስለ ሚሲሲፒ ደለልና ስለ አማዞን ገባሮች ቁጭ ብለን ስንጽፍ ያ ወንዝ በመስኮት በኩል እየጮኸ ይሄድ ነበር። መምህራችን «ያንን መስኮት ዝጉት» ይሉ ነበር፤ ትምህርት ይረብሻላ። እስከ ዛሬ ያንን ወንዝ የማውቀው በሽታው ነው። (ላልቶም ጠብቆም ቢነበብ ያስኬዳል።)

ልጁ ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆም ሲል፣ «ለመሆኑ ሰሜን በየት ነው?» አልኩት። ሳያመነታ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ።

«ከላይ ነዋ ጋሼ!»

ምን ይባላል? ካርታ ላይ ሰሜን ከላይ ነው። ከበራቸው ፊት ለፊት እንጦጦ ጉሙን ተከናንቦ ተገትሯል፤ ግን እንጦጦ ሾርት ኖቱ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም።

ካርታ ንባብን ካነሳን አይቀር፣ ስኬል የሚባለውን ነገር ስለምናልፍበት ጨዋነት ልመስክር። አንድ ለ50,000 በሆነ ካርታ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ ስንት ይሆናል? 2 ኪሎ ሜትር። ይህን ማስላት ግን ነውር ነው። ልጁ ሶሻል የገባው ሂሳብ ሸሽቶ ነው፤ የሸሸውን ሰው ተከትሎ ጓዳው ድረስ መግባት ምን የሚሉት ባለጌነት ነው? «እሱ ሁለት ጥያቄ ቢወጣ ነው፣ ዝለለው» ተብሎ ተመክሯል። መካሪዎቹ ብዙ ናቸው። ሶሻል የገባ ዕለት ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ «ይሁን፣ እግዜር ያውቃል» እያለ እህቴን ሲያጽናና በቦታው ነበርኩ። ለቅሶ የመጣሁ መስሎኝ ከንፈሬን መጥጬ ነበር። እንዲያ ማዘናቸው አይፈረድም፤ መንግሥትም ቢሆን የዩኒቨርሲቲ ምደባውን 70 በመቶ ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ ደልድሎ ያውቃል። አፈሩን፣ ወንዙን፣ ዝናቡንና የሕዝቡን አሰፋፈር ለተረፈው ሰው መስጠት የብልህ አገር ሥራ ነው። መሬት የትም አይሄድም።

ይቅርታ፣ አንዳንዴ ይሄዳል። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን በሚባሉት እሳተ ገሞራ ተራሮች ዙሪያ መሬቱ ወራት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ እየመጣ የኛን ኮንዶሚኒየም ያወዛውዘው ነበር። አንድ ሌሊት አምፖሉ እንደ ፔንዱለም ሲሄድ ሲመለስ ሕንፃው በሙሉ ጋቢውን እየጎተተ ወረደ። ሁላችንም ጂኦግራፊ የተማርን ሰዎች ነን። ስምጥ ሸለቆ እንዴት እንደተፈጠረ፣ የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ፕሌቶች (የመሬት ቅርፊት ሰሌዳዎች) አፋር ላይ እንደሚላቀቁ በየዘመናችን ጽፈን ማርካችንን ወስደናል። ሲነቃነቅ ግን የት እንደሚቆም የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ። ከአራተኛ ፎቅ የወረዱት ጎረቤቴ ብቻ አልተደናገጡም። ከትራንስፎርመሩ ሥር፣ አጥሩን ተደግፈው፣ «ዳይቨርጀንት ባውንደሪ ነው፣ አትደንግጡ» አሉን (ፕሌቶች የሚላቀቁበት ወሰን መሆኑ ነው)። «ኤ ነው ያገኘሁበት።» ይሄኔ ተረጋጋንና እኛም ሄደን አጥሩን ተደገፍን።

ምቀኛ አይጠፋም። በ2014 ዓ.ም. ማትሪክ ከተቀመጡት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ሽምደዳችሁ የታል፣ የሚል አለ። መልሱ ቀላል ነው፤ አልሸመደዱማ! የሸመደደ ሰውማ ምን ይሆናል? የቸከለውን እስከ ፈተናው በር ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የአንጎሉ ድርሻ ነው።

የሽምደዳ ጠላቱ አንድ ነው፤ ካርታው አርፎ አለመቀመጡ። እኔ በዘመኔ የኢትዮጵያ ጎረቤቶች አራት ናቸው ብዬ ሸምድጃለሁ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ሆነችና ታናሽ እህቴ አምስት ብላ ሸመደደች። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ደቡብ ሱዳን መጣችና ልጇ ስድስት ይላል። ሦስታችንም በየዘመናችን ሙሉ ማርክ አግኝተናል፤ ሦስታችንም ከሞያሌ አላለፍንም። እኔማ ሞያሌም አልደረስኩም።

ዝናቡ ዳግም ሲጀምር ቡና ተፈልቶ ወደ ቤት ገባን። እናቴ ከእህቴ ጋር ነው የሚኖሩት፤ የመንዝ ሰው ናቸው፤ በሰኔ ብርድ ጋቢያቸውን ደርበው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ልጁ ስለ አየር ንብረት ቀጠናዎች ይነግራቸው ጀመር። ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ። ስሞቹ የራሳቸው የእናቴ ቋንቋ ናቸው፤ ልጁ ግን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስለተማራቸው «ዎይና ዴጋ» ነው የሚለው። «ዎይና ዴጋ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ነው እማማ» አላቸው። እናቴ ግራ ገባቸው። «ጤፉ የሚያምርበት አይደለም እንዴ?» አሉ። ልጁ ሾርት ኖቱን አየና፣ «እሱ ሌላ ምዕራፍ ነው» አላቸው።

ከዚያ ራስ ዳሽን መጣ። እኔ 4,620 ሜትር አልኩ፤ መምህሬ ያስጻፉኝን አልከዳም። ልጁ 4,533 ነው ብሎ ተቆጣ። በአንድ ትውልድ ውስጥ 87 ሜትር! ተራራው አላጠረም፣ ልኬቱ ነው የተስተካከለው፣ ግን ማን ይሰማል? እህቴ ስልኳን ከፍታ 4,550 የሚል ሦስተኛ ቁጥር ይዛ መጣችና የእግር ኳስ ጭቅጭቅ አደረግነው። እናቴ ሁለተኛውን ስኒ ቀድተው ዝም እስክንል ጠበቁ።

«እንዲያው እናንተ» አሉ፣ «እዚያ ተራራ አናት ላይ ሰው ይኖራል? ገብስስ ይይዛል?»

እኔም እህቴም ስኒያችንን አየን። ልጁ ሾርት ኖቱን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገና ቀና አለ።

«እሱ አይወጣም እማማ።»