የኪስ ካሜራ ወይስ ዲኤስኤልአር? በሁለት ጸሐፊዎች መካከል የተደረገ ክርክር

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ «ፎቶግራፍ ማንሳት ለመማር የመጀመሪያ ካሜራውን የሚገዛ ሰው በኪስ የምትገባ ትንሽ ካሜራ ይምረጥ ወይስ ዲኤስኤልአር?» የሚል ነው። ዲኤስኤልአር የሚባለው በውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ትልቅ ካሜራ ነው። ሁለቱም ጸሐፊዎች ለዓመታት ካሜራ ይዘው የሠሩ ሲሆኑ፣ አንዳቸው የሌላቸውን እያነበቡ በየተራ ጽፈዋል።

ለዲኤስኤልአር

ጥያቄው መማርን ስለሚመለከት እኔም ከመማር እጀምራለሁ። በዲኤስኤልአር ስናይ ዓይናችን የሚያገኘው በሌንሱ በኩል የገባውን ብርሃን ራሱን ነው፤ ብርሃኑ ከሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል ከሚያደርገው ክፍል) ፊት ጋደል ብሎ በተቀመጠው መስታወት ላይ ነጥሮ፣ ከላይ ባለው ፕሪዝም ወይም መስታወት ተቃንቶ ወደ ዓይን ይደርሳል። ተማሪው ሌንሱን ሲያዞር ምን እንደጠራና ምን እንደደበዘዘ ያለ አንዳች መዘግየት ያያል። የሌንሱ ቀዳዳ ሲሰፋና ሲጠብ፣ ሹተሩ (ለብርሃኑ የሚከፈተውና የሚዘጋው መዝጊያ) ሲፈጥንና ሲዘገይ፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ከፍና ዝቅ ሲል ፎቶግራፉ ምን እንደሚሆን በጣቱ ሥር ባሉት ቁልፎችና መዘውሮች እየሞከረ ይማራል። በአብዛኞቹ ትንንሽ ካሜራዎች ላይ ግን እነዚህ ነገሮች ቢኖሩም እንኳ ሜኑ ውስጥ ተቀብረው ነው የሚገኙት፤ ተቀብሮ የሚገኝን ነገር ደግሞ ጀማሪ አይነካውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሴንሰሩ ነው። በተለመዱት ዲኤስኤልአሮች ውስጥ ያለው ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ሴንሰር 23.6 በ15.6 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ በብዙዎቹ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ያለው 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በስፋት ሲነጻጸሩ ልዩነቱ 13 እጥፍ ያህል ይሆናል። ሁለቱም ሳጥናቸው ላይ «16 ሜጋፒክስል» ብለው ቢጽፉ እንኳ ለእያንዳንዷ ነጥብ የሚደርሳት ብርሃን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በሻማ ብርሃን ብቻ በደመቀ ክፍል ውስጥ የተነሳን የሕፃን ፊት አጉልቶ ያየ ሰው የምለውን ያውቃል። ትንሿ ካሜራ በጨለማ የሚመጣውን ነጠብጣብ ለማጥፋት ስትሞክር ሽፋሽፍቱንም አብራ ታጠፋዋለች፤ ቅንድቡ አንድ ጥቁር መስመር ይሆናል፤ ጉንጩም ቆዳነቱን ትቶ ሰም ይመስላል። በዲኤስኤልአር ነጠብጣቡ ቢኖርም ፊቱ ፊት ሆኖ ይቀራል።

ክብደቱን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ ግን ክብደቱ ራሱ አስተማሪ ነው እላለሁ። ከባድ ካሜራ ያነገተ ሰው ሳያስብ ማንሻውን አይጫንም።

ለኪስ ካሜራ

የወንድሜን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንቀጽ ድረስ በጥሞና ነበር ያነበብኩት፤ እዚያ ስደርስ ግን መታገሥ አልቻልኩም። ክብደት አስተማሪ ነው ይበሉን? ዛሬ «ፉል ፍሬም» እየተባለ የሚከበረው 36 በ24 ሚሊሜትር የሴንሰር ልኬት ከየት መጣ? ጀርመናዊው መሐንዲስ ኦስካር ባርናክ በትልልቅ የብርጭቆ ፕሌቶች የሚሠራውን ካሜራ መሸከም ጤናው አልፈቀደለትም ነበርና ለሲኒማ በተሠራው 35 ሚሊሜትር ፊልም የሚጠቀም ትንሽ ካሜራ ሠራ። ያቺ ካሜራ፣ ላይካ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ቀረበች። በ1930ዎቹ ፈረንሳዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሪ ካርቲዬ-ብሬሶን ላይካን የመረጠው ካሜራው በእጁ እንዳይታወቅበት ነበር፤ እንዲያውም የሚያብረቀርቀውን የብረት ክፍል በጥቁር ቴፕ ይሸፍነው ነበር። ተከራካሪዬ የሚያመሰግኑት ካሜራ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ሸክም ከመረራቸው ሰዎች ነው።

ደግሞም ዲኤስኤልአር የያዘ ሰው ሳያስብ አይጫንም የተባለው ከእውነታው ጋር አይገጥምም። ማንሻው ተጭኖ ከቆየ ያው ካሜራ በሰከንድ 3፣ 5፣ ከዚያም በላይ ፎቶግራፍ ያወጣል። በየዝግጅቱ ላይ የምንሰማው ያ የማያባራ ጠቅጠቅታ የማሰብ ድምፅ ነውን?

ወደ ሴንሰሩ ልመለስ። 13 እጥፍ የሚለው ቁጥር የተገኘው ከትንንሾቹ መካከል ደካማዋን መርጦ በማነጻጸር ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው አርኤክስ100 የተባለ የኪስ ካሜራ በ240 ግራም አካል ውስጥ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር የሆነ ሴንሰር ይዟል፤ ልዩነቱ ከ13 እጥፍ ወደ 3 እጥፍ ወረደ ማለት ነው። ሌንሷ ዙም ሳይደረግ እስከ ኤፍ 1.8 ትከፈታለች (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)። ከጀማሪ ዲኤስኤልአር ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሆነው ሌንስ (ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ እይታ ይሰጣል፣ ሲበዛ የሩቁን ያቀርባል) ግን ከኤፍ 3.5 አያልፍም። ከኤፍ 3.5 ወደ ኤፍ 1.8 ሲሰፋ በእኩል ስፋት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ትንሿ ካሜራ በሴንሰሯ የተበለጠችውን በሌንሷ ታካክሳለች። ያንን የሻማ ብርሃን ክፍል ይህችን ካሜራ ይዘን እንግባበት።

ፎቶግራፉ በስልክ ወይም በኮምፒውተር እስከታየ ድረስም የቀረውን ልዩነት ማንም ተመልካች አይለየውም። የሚለየው ሌላ ነገር ነው፦ ካሜራው በቦታው ነበረ ወይስ ቤት ቀረ? ዲኤስኤልአር ከሌንሱ ጋር ከ600 ግራም በላይ ነው፤ ቦርሳ ይጠይቃል፤ ቦርሳውም ትከሻ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ወር በየቀኑ ይወጣል፤ ከዚያ ለበዓልና ለጉዞ ብቻ፤ ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከርማል። ጀማሪ የሚማረው ካነሳው ፎቶግራፍ ነው።

ለዲኤስኤልአር

እህቴ «ማንም ተመልካች አይለየውም» ብለዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። ማንም የማይለየው ከሆነ ከእሱ በላይ ባለው አንቀጽ ኤፍ 1.8ንና ኤፍ 3.5ን እያካፈሉ ብርሃን መቁጠር ለምን አስፈለጋቸው? ብርሃኑ ትንሿን ሲጠቅም ይቆጠራል፤ ትልቁን ሲጠቅም ማንም አያየውም። አንዱን ይምረጡ።

የተቆጠረውም ቢሆን ግማሹ ብቻ ነው። ዙሙ እስከ መጨረሻው ሲገፋ የዚያችው ካሜራ ሌንስ ወደ ኤፍ 4.9 ይጠብባል፤ የዲኤስኤልአሩ ደግሞ ወደ ኤፍ 5.6። እዚህ ላይ የሌንሷ ብልጫ ከሲሶ አያልፍም፤ የሴንሰሩ ብልጫ ግን እንደነበረው 3 እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ዲኤስኤልአር ሌንሱ ይነቀላል! የ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከሁሉም ሌንሶች በዋጋ ከሚቀንሱት መካከል ነው። እሱ በተገጠመ ጊዜ፣ ፊት በሚነሳበት ርቀት ላይ ሴንሰሩ በጠቅላላው የሚያገኘው ብርሃን በእህቴ ካሜራ ከሚገኘው ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ከፊቱ ጀርባ ያለው ግርግርም ለስልሶ ይጠፋል። ይህን ማንም አይለየውም የሚሉ ከሆነ የቆምንበት ሙያ አንድ አይደለም ማለት ነው።

እስካሁን ያልተነሳ ሌላ ነገርም አለ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር። በዲኤስኤልአር ውስጥ ከዋናው መስታወት ጀርባ ያለች ትንሽ መስታወት ጥቂት ብርሃን ወስዳ በካሜራው ወለል ላይ ላለ የፎከስ (ምስሉን የማጥራት) ሴንሰር ታቀብላለች፤ ያ ሴንሰር ሌንሱ ወደየት አቅጣጫና በምን ያህል እንደሳተ በአንድ ንባብ ይረዳል። አብዛኞቹ የኪስ ካሜራዎች ግን ሌንሱን ወደፊት ይገፋሉ፣ ምስሉ መደብዘዙን ያያሉ፣ ወደኋላም ይመለሳሉ። እስከዚያ ድረስ ወደ እናቱ እየሮጠ የሚመጣው ልጅ ደርሶ አቅፏታል።

ስለ ክብደቱ የተናገርኩትን አላጥፍም። ክብደት ያለው ካሜራ በእጅ ውስጥ ይረጋል፤ የተረጋ ካሜራ ብዥታ አያመጣም። ችግርን የሚሸሽ ሰው ምን ሊማር ይችላል?

ለኪስ ካሜራ

ክብደት በመጀመሪያው ጽሑፍ አእምሮን ያስተምር ነበር፤ በሁለተኛው እጅን ማርጊያ ሆነ፤ በዚያው አንቀጽ መጨረሻ ደግሞ የጠባይ መፈተኛ ሆኖ ተገኘ። «አላጥፍም» ተብሎ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር በሦስት መስመር ውስጥ ሦስት ጊዜ ታጥፏል። በትክክል የተባለው «ሳያስብ ማንሻውን አይጫንም» የሚል ነበር፤ እሱን ይከላከሉ፤ ካልሆነም በግልጽ ይተዉት።

ካሜራው ለምን እንደከበደ ደግሞ እኔ ልናገር። መስታወቱ ተነስቶ የሚወድቅበት ባዶ ክፍል ስለሚያስፈልገው በኒኮን ዲኤስኤልአር ሌንሱ ከሴንሰሩ 46.5 ሚሊሜትር፣ በካኖን 44 ሚሊሜትር ርቆ መቀመጥ ግድ ሆኖበታል። ይህ ለመስታወቱ ሲባል የሚከፈል ቦታ እንጂ ለተማሪው የተደረገ ውለታ አይደለም። ያ የተመሰገነው መስታወትም ፎቶግራፉ በሚነሳበት ቅጽበት ወደ ላይ ስለሚነሳ ዓይን የሚያይበት ማያ ይጨልማል። ወንድሜ ያነሱትን እያንዳንዱን ፎቶግራፍ፣ በተነሳበት ቅጽበት፣ በማያው አላዩትም። ካኖንና ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ፉል ፍሬም የሆኑ መስታወት አልባ ካሜራዎቻቸውን ከአዲስ የሌንስ መግጠሚያ ጋር ማውጣታቸውና አዲስ ሥራቸውን ወደዚያ ማዞራቸው ያለምክንያት አይደለም።

ሌንሱ ይነቀላል ተባለ። ይነቀላል፤ በተነቀለም ጊዜ አቧራ ይገባል፤ የገባው አቧራም በጠራ ሰማይ ላይ በየፎቶግራፉ አንድ ቦታ የማይለቅ ግራጫ ነጥብ ሆኖ ይታያል። የኒኮን መግጠሚያ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ያለ ስለሆነ የቆየ ሌንስ በርካሽ ይገኛል የሚል ምክር ጀማሪዎች ሲሰጣቸው እሰማለሁ፤ የጀማሪ ኒኮኖች ግን በውስጣቸው የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው ብዙዎቹ የቆዩ ሌንሶች በእነሱ ላይ በራሳቸው ፎከስ እንደማያደርጉ አብሮ የሚነግራቸው የለም።

ከሁሉም በላይ ግን የሚነሳው ሰው ተረስቷል። ትልቅ ሌንስ ሲደገንበት ሰው ትከሻውን ያቃናል፣ ፈገግታውን ያዘጋጃል፣ መሆኑን ትቶ መምሰል ይጀምራል። ትንሿ ካሜራ በመዳፍ ውስጥ ተይዛ፣ ሌንሷ ውስጥ ባለው ሹተር ያለ ድምፅ ማለት ይቻላል ትወስዳለች፤ ሰውየው ወሬውን አያቋርጥም። ትልቅ ሴንሰር የግድ ካስፈለገም ሪኮ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጂአር የተባለ የኪስ ካሜራ የዲኤስኤልአሩን የኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር በ245 ግራም ውስጥ ይዟል። ይህ ሁሉ እያለ ትልቁን የሚያነግቱ ብዙዎች ለፎቶግራፉ ሳይሆን ፎቶግራፍ አንሺ መስለው ለመታየት እንደሚያነግቱት አምናለሁ።

ለዲኤስኤልአር

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለማን እንደጻፉት አልገባኝም። ለእኔ ከሆነ በስሜ ሊሉኝ ይገባ ነበር። የሰው ሠርግ፣ የሰው ምርቃትና የሰው ኀዘን በአደራ ተሰጥቶት ለሚሠራ ሰው ካሜራ ጌጥ አይደለም። ስለ መሣሪያ ስንከራከር ቆይተን ስለ ሰው ውስጣዊ ሐሳብ መፍረድ መጀመራችን አሳዝኖኛል።

ጂአርን ጠቅሰዋል። ጥሩ ካሜራ ነው። ነገር ግን ሌንሱ አይነቀልም፤ ዙምም የለውም፤ የሚያየው በፉል ፍሬም ከ28 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር የሚመሳሰል አንድ ሰፊ ማዕዘን ብቻ ነው። ፊትን በዚያ ማዕዘን ለመሙላት የሚቀርብ ሰው አፍንጫን አግንኖ ጆሮን ያሸሻል። ስለ 50 ሚሊሜትሩ ሌንስ ያነሳሁት ምላሽ አላገኘም። ስለሚሮጠው ልጅም አንድ ቃል አልተጻፈም፤ ስለ አቧራ ግን አንድ ሙሉ አንቀጽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ልጁ እየሮጠ ነው፤ ትንሿ ካሜራ ምን ታደርግ?

ለኪስ ካሜራ

ልጁ ከበሩ ወጥቶ ወደ እናቱ የሚሮጥ ከሆነ ማንሻውን በግማሽ ተጭኖ፣ ልጁ በሚያልፍበት ቦታ ላይ አስቀድሞ ፎከስ ይዞ መጠበቅ ይቻላል፤ ልጁ እዚያ ሲደርስ ቀሪው ግማሽ ይጫናል፤ ሌንሱም ወዲያና ወዲህ የሚልበት ምክንያት አይኖረውም። ይህ ልጁ የት እንደሚያልፍ አስቀድሞ መገመትን ይጠይቃል፤ ተከራካሪዬ ከ600 ግራም እናገኘዋለን ያሉት ማሰብም ይኸው ነው። መጠበቅ የማይፈልግ ደግሞ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን አምስተኛውን አርኤክስ100 ይያዝ። የፎከስ ንባቡ እዚያው ዋናው ሴንሰር ላይ ይከናወናል፤ መስታወት አይፈልግም፤ በሰከንድም እስከ 24 ፎቶግራፍ ያነሳል፤ እሷም ኪስ ውስጥ ትገባለች።

ስለ መታየት የጻፍኩት ለሙያተኛ አልነበረም፤ ሙያተኛ ከባዱን የሚሸከመው ሥራው ስለሚጠይቀው ነው። ጥያቄው ግን ስለ ሙያተኛ አልቀረበም፤ ሠርግና ምርቃት ውስጥ ያስገቡን ወንድሜ ናቸው። የቀረበው የመጀመሪያ ካሜራውን ስለሚገዛ ሰው ነው። ያ ሰው ዲኤስኤልአሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ትቶት ሲወጣ ምን ይማራል ብዬ ገና በመጀመሪያው ጽሑፌ አንስቼ ነበር፤ ክርክሩ ሊዘጋ ሆኖም ለዚህ ከወንድሜ የተጻፈ ቃል የለም።